ቀዳዳ የሌለው ሽጉጥ

ሌህሪ የጠዋቱን የሻይ ብርጭቆ ልታነሳ ወደ ሥራ ክፍሉ ስትገባ የባሏ አባት ቫርዲቻንድ የሽጉጥ አፈሙዝ ከንፈራቸው መሃል አድርገው ተቀምጠው ነበር። በዚህ አልደነገጠችም። ሽጉጡን ታውቀዋለች፤ የድሮ ዘመን ባለ ባልጩት ሽጉጥ አምሳያ ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ። ያስደነገጣት ቀጥሎ የሆነው ነው። ሽማግሌው በቅጠል ከተጠቀለለች ሲጋራቸው የሳቡትን ጭስ በአፈሙዙ እፍ ሲሉት፣ ከሽጉጡ ጎን፣ በድሮ ጊዜ ባሩድ ትጨመርባት ከነበረችው ትንሽ የብረት ማንኪያ አጠገብ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ወጣ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣራው ሥር ተበተነ። ቫርዲቻንድ ጭሱን በዓይናቸው ሸኙትና ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሌህሪ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ጎትታ ብርጭቆውን አንስታ ወጣች። ኩሽና እስክትደርስ ድረስ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭሱ የወጣበት ቦታ ላይ ቀዳዳ መኖር አልነበረበትም።

ጌጡን ወደ ውጭ አገር የመላኩን ደንብ በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ የሚያውቀው የለም። የሽጉጡ ቧንቧ ጎኑ ላይ እሳት የምታልፍባት ቀዳዳ ካለችው መሣሪያ ነው፤ ፈቃድና ቁጥር ይፈልጋል፣ ፖሊስ ጣቢያ ይመዘገባል፣ በእሽግ ለግለሰብ መላክ የማይታሰብ ነው። ቀዳዳዋ ካልተበሳች ግን ጌጥ ነው፤ ከነሐስ ሳህን ተለይቶ አይታይም። መሣሪያንና ጌጥን የሚለየው የጤፍ ፍሬ እንኳ በግድ የምታልፍበት ቀዳዳ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የገዢው አገር ደንብ ይመጣል። የዚህኛው ገዢ እንግሊዝ አገር ሃል በምትባል የወደብ ከተማ የሚኖር ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ መሆኑን የሚያሳይ የመታወቂያ ቅጂ ልኳል። በእሱ አገር የዘመኑን ሽጉጥ የሚመስል ጌጥ ደማቅ ቀለም መቀባት አለበት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1870 በፊት የነበረውን የሚመስል ግን ከቀለሙ ነፃ ነው፤ ስለዚህ ሌህሪ በየቅጹ ላይ «የ1790 ሞዴል አምሳያ» ብላ በጥንቃቄ ትጽፋለች። ይህን ደንብ የሰሙ ጊዜ ቫርዲቻንድ ብርቱካንማ ሽጉጥ የሚገዛ ዝንጀሮ ብቻ ነው ብለው ሳምንት ሙሉ ስቀዋል። ዕቃ መላኪያው ድርጅትም የራሱ ደንብ አለው፤ በአንድ እሽግ ከአንድ በላይ አይቀበልም። የጥርስ ሐኪሙ ያዘዘው ጥንድ ስለነበር አንደኛው ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄዷል፤ ሁለተኛው ዛሬ ሊሄድ ነበር። ጥንድ ሆነው በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ሦስት ወር የተሠሩ ናቸው። ይህኛው ጭስ ካወጣ ያኛውስ?

ከእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ የሚፈረም ቃል አለ። በእሽጉ ውስጥ ያለው ዕቃ መተኮስ የማይችል ጌጥ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ ይላል። የምትፈርመው ሌህሪ ናት። ባሏ ቤሩላል ከአራት ዓመት በፊት የአሉሚኒየም መስኮት ሊገጥም አረብ አገር፣ ሙስካት ሲሄድ የሱቁን ምዝገባ በእሷ ስም አዛውሮት ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። የሱቁ ሰሌዳ ግን ዛሬም «ቫርዲቻንድና ልጁ» እንዳለ ነው። ትናንት የሄደው እሽግ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ በጭነት መኪና ወደ ጃይፑር ይነሳል። ጃይፑር ላይ የሚፈትሹት ሰዎች ደግሞ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ሲያዩ ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ።

ቀላሉ ነገር ተመልሶ ገብቶ መጠየቅ ነበር። ሌህሪ ግን ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ከባሏ አባት ጋር አንዲት ቃል ተነጋግራ አታውቅም። ፀብ የለም፤ ክብር ነው። እሳቸው ወደ ግቢው ሲወጡ ይስላሉ፣ እሷ ትከናነባለች። ሲታመሙ መድኃኒታቸውን የምትለካው እሷ ናት፤ የምትወደውን ጉዋቫ ከገበያ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ቃል ግን በሌላ ሰው በኩል ነው የሚሄደው። ልጇ ናንዱ ቤት ስትሆን የተባለውን እንዳለ ታደርሳለች፤ ትምህርት ቤት ስትሆን ግን ሥራው የአማቷ የሱንደርባይ ነው። ሱንደርባይ ቃል ሲያደርሱ እንደ ምስር ይለቅሙታል።

አማቷ በሥራ ክፍሉና በግቢው መካከል ባለው ደፍ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ከዚያ ደፍ ሁለቱም ወገን ይሰማል። ሽማግሌው ሌህሪ የምትለውን ሁሉ በጆሯቸው ይሰማሉ፤ ይሁንና በሚስታቸው አፍ ካልደረሳቸው አልሰሙም።

«እማ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ትናንት የሄደውም ቀዳዳ አለው?»

«የቤሩላል አባት፣ ሙሽሪት ሻዩ ስኳር አንሶታል ወይ ትላለች።»

«እማ፣ ኧረ እንደሱ አላልኩም።»

«በጠዋት ሰው ስለ ቀዳዳ አይጠየቅም» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ተንፍሰው ወደ ውስጥ ዞሩ። «ያኛውስ ወንድሙ ቀዳዳ አለው ወይ ትላለች።»

የሞረድ ድምፅ ቆመ። «በያት፣ ዕውር ልጅ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«ልጁ ደህና ነው ይልሻል» አሉ ሱንደርባይና ወደ ነጭ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ሌህሪ ሌላ አልጠየቀችም። ከሳጥኑ የትናንቱን ደረሰኝ፣ የመታወቂያ ካርዷንና ለማሸጊያ የምትጠቀምበትን ምላጭ ወሰደች። የቆመው ባለ ሦስት እግር ታክሲ ሰማንያ ሩፒ አላት፣ ስድሳ አለችው፣ ሰውዬው ለስድሳማ በእግር ሂጂ ብሎ ፊቱን አዞረ፤ በሰባ ተስማሙ። መንገዱ ላይ ሠርገኛ ዘግቶ ስለነበር አሥር ደቂቃ ከበሮ ሰሙ። ሹፌሩ የሙሽራውን ፈረስ እያየ «ከእኔ ታክሲ ይልቅ እሱ ይሻላል፣ ነዳጁ ሣር ነው» አለ። ሌህሪ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

የዕቃ መላኪያው ቅርንጫፍ ቀድሞ የጫማ መደብር የነበረች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ የጫማ ሳጥኖቹ መደርደሪያ እንዳለ ቀርቶ አሁን እሽግ ተደርድሮበታል። የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ከአምላክ ሥዕል ጎን ተለጥፏል፤ ሁለቱም ላይ የዕጣን ጥላሸት አርፏል። ጸሐፊው ዳንጊ ሚዛኑ ላይ የምሳ ዕቃውን አስቀምጦ ክብደቱን ያነባል።

«እህቴ፣ ትናንት አንድ፣ ዛሬ ደግሞ ሁለተኛ። ጦርነት ልታስጀምሪ ነው?»

«የትናንቱን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

ዳንጊ ቀና ብሎ አያት። «እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ ዕቃዬ ለምን አልሄደም እያለ ሲጮህብኝ ነው የማውቀው። ለምን ሄደ ብሎ የመጣ የለም።»

«መች ሄደ? መኪናው ስምንት ሰዓት ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ከመሳቢያው ጥግ የተጨማደደ ቅጽ አወጣ። የመመለሻ ምክንያት በሚለው ሥር አራት ሣጥኖች ነበሩ፤ የአድራሻ ስህተት፣ ገዢው ትቶታል፣ የሥራ ጉድለት፣ ሌላ። ዳንጊ እስክሪብቶውን አራተኛው ላይ አሳረፈ። «ይህቺን እንዳትነኪ። ‹ሌላ› ካልሽ አለቃ ይጠራል፤ አለቃ ከመጣ እሽጉ ይከፈታል፤ እሽግ ከተከፈተ እኔ ምሳ አልበላም።»

ሌህሪ ቅጹን ይዛ ቆመች። አድራሻው ትክክል ነው፤ ራሷ ሁለት ጊዜ አመሳክራዋለች። ገዢውም አልተወም፤ ትናንት ማታ እንኳ ጽፎላት ነበር፣ መስቀያውን እንዳዘጋጀ። አንድ የሐሰት ፊርማ ልታስመልስ መጥታ ሌላ ጥላ መሄድ አልፈለገችም። ቀረ የሥራ ጉድለት። ቫርዲቻንድ ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ መስፍ ፊት ተቀምጠዋል፤ እስከ ዛሬ አንድም ሥራ ተመልሶባቸው አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሳቸውም ሰፈሩ እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ሌህሪ ደንቡን አንድ ጊዜ በልቧ ደገመችው፤ ጌጥ ነው ተብሎ የተላከ ዕቃ ጌጥ ካልሆነ ጉድለት አለበት። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገችና ፈረመች። ዳንጊ መቶ ሃምሳ ሩፒ የመመለሻ ተቀብሎ እሽጉን ከጫማ መደርደሪያው አወረደላት።

«ሽማግሌው አረጁ ማለት ነው?» አለ ደረሰኙን እየቀደደ።

«አላረጁም» አለች።

ቤት እስክትደርስ መጠበቅ አልቻለችም። ከቅርንጫፉ ጎን ወደ ፎቅ የሚወጣ፣ ሰው የማያልፍበት ደረጃ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠች። ፕላስተሩን በአንድ በኩል ብቻ በምላጭ ቀደደች፣ ኋላ ሳጥኑ ዳግም እንዲያገለግል። ገለባውን ጎትታ፣ የዘይት ወረቀቱን ገልጣ፣ ሽጉጡን ሳታወጣ ጎኑን ብቻ ወደ ብርሃን አዞረችው። የወርቁ ሐረግ ቧንቧውን ተከትሎ ይወርድና ማንኪያዋ አጠገብ ሲደርስ ጥቂት ቦታ ይተዋል። በተተወው ቦታ መካከል ጥቁር ነጥብ አለ። ሲሸጥም ሆነ ሲታሸግ አይታዋለች፤ መሀል መጠቆሚያ ምልክት ትመስላት ነበር፣ ሁሉም ሽጉጦች ላይ ምልክቱ ይኖራል። ከፀጉሯ መርፌ ነቀለችና ጫፉን ነጥቡ ላይ አቆመች። መርፌው ገባ። እስከ እጥፋቱ ድረስ ገባ።

ወዲያው አላወጣችውም። የቀዳዳዋ ጠርዝ በጣቷ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ከተበሳ በኋላ በጥንቃቄ ተወልውሏል። ስህተት አይደለም፣ ችኮላም አይደለም፤ ምናልባት ከሽጉጡ ሁሉ ብዙ የተደከመበት ቦታ ይህ ነው። ጃይፑር ደርሶ ቢሆን ሽቦው እንዲህ ይገባ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ቅጹን ገልብጦ ከግርጌ ያለውን ስም ያነባል። ከዚያ ፖሊሶች ወደዚያ ጠባብ መንገድ ይመጣሉ፤ ሰሌዳውን አይተው ቫርዲቻንድን አይጠይቁም፣ ወረቀቱን አይተው ሌህሪ የምትባለው የት ናት ይላሉ። ናንዱ ከትምህርት ቤት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ትመለሳለች። ሌህሪ መርፌውን ነቅላ ፀጉሯ ውስጥ መለሰችው፤ እሽጉን ዘጋች።

ቤት ስትደርስ ሱንደርባይ ከደፉ አልተነሱም ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ አልቆ ዝንጅብል ጀምረዋል። ሌህሪ ተከናንባ ሳጥኑን ደፉ ላይ፣ በአማቷ እግርና በሥራ ክፍሉ ወለል መካከል አስቀመጠችው። ሽማግሌው ሳጥኑን አዩት። የራሳቸው ጨርቅ፣ የራሳቸው ገለባ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«መኪናው ተበላሽቶ ነው» አሉ ሱንደርባይ ማንም ሳይነግራቸው።

«እማ፣ መኪናው ደህና ነው። ቀዳዳ ስላለው ነው የመለስኩት በሉልኝ። ወረቀቱ ላይ የሥራ ጉድለት ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ይሄንንስ እኔ አፌ አይችለውም።»

«ጃይፑር ላይ ቢገኝ መታሰር ያመጣል በሉልኝ።»

ሱንደርባይ ዝንጅብሉን ትተው ባላቸውን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ማድረስም አላስፈለገም። ቫርዲቻንድ የሥራ ጉድለት የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋውጧል። ጥቂት ቆይተው ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ ዓይናቸውን ከሳጥኑ ሳያነሱ መናገር ጀመሩ። አባታቸው አንድ ሽጉጥ አለቀ የሚሉት ጭስ በጎኑ ሲወጣ ብቻ እንደነበር፣ ይህንንም ዓይን መክፈት ይሉት እንደነበር፣ ለገበያ የሚወጣውን ተራ ሥራ በደንቡ መሠረት ዕውር አድርገው እንደሚሰጡ፣ የተዋጣላቸውን ግን ዕውር አድርገው መስጠት እጃቸው እንደማይሄድላቸው ተናገሩ። «በያት» አሉ በመጨረሻ፣ «ቢመጡ ይምጡ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። የበሳሁት እኔ፣ የምታሰረው እኔ። እሷን ማን ነካት?»

 ሌህሪ አሁን ገባት። ሰውየው ንቀዋት አልነበረም የበሱት። በራሳቸው አንገት የሚጫወቱ መስሏቸው ነው።

«እማ» አለች፣ «ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም እንደሆነ አያውቁም እንዴ?»

የሱንደርባይ እጅ ዝንጅብሉ ላይ ቆመ። 

«የማን ስም ነው ያለው?» አሉ ቫርዲቻንድ።

ሱንደርባይ ዝንጅብሉን አገላበጡ።

«ሱንደር።»

ሚስታቸውን በስም ሲጠሩ ሌህሪ ሰምታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ «ስሚ» ነው የሚሏቸው። ሱንደርባይ እንደ ተገሠጸ ልጅ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«የሷ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤሩላል ከሄደ ጀምሮ። ንገሪው ብሎኝ ነው የተሳፈረው። እኔም ነገርኩዎት።»

«ምን ብለሽ ነገርሽኝ?»

«ወረቀቱ አለቀ አልኩዎት። በማን ስም አለቀ ብለው መች ጠየቁኝ?»

«አልጠየቅኩም» አሉ።

«በሴት ስም ነው ብልዎት ሥራውን ይተዉት ነበር።»

«እተወው ነበር።»

«ታዲያ ምን እንበላ ነበር? ይሄንን ክብርዎን?» ሱንደርባይ ዝንጅብላቸውን በእቅፋቸው ሰብስበው ተነሱ። ዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበረ፤ ከዝንጅብሉ ነው እንዳይሉ ዝንጅብል አያስለቅስም። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል አልሸከምም። ሃምሳ ዓመት የዚህ ቤት ፖስታ ቤት ሆኛለሁ፣ ምስጋናው ይሄ ነው። እንደፈለጋችሁ ሁኑ።» ኩሽና ገብተው ዕቃ ማንኳኳት ጀመሩ።

ደፉ ባዶ ቀረ። ሌህሪ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ሽማግሌው በውስጥ ተቀምጠዋል።  ከዚያ ቫርዲቻንድ እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኑን ወደ ራሳቸው ጎተቱት። ሽጉጡን አውጥተው ከወንድሙ ጎን በጨርቅ ላይ አጋደሙት። ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ አዩአቸው፤ እናት የተኙ ልጆቿን እንደምታይ አይደለም፣ ነጋዴ ሊሸጠው ያለውን በሬ እንደሚያይ ነው፤ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚመታ። ከመሳቢያቸው የብረት ሽቦ አወጡ፣ ጫፉን በሞረድ አሾሉት፣ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብተው ለኩት፣ አውጥተው ደግሞ ሞረዱት። የገባው ሽቦ ጠብቆ አልወጣ ሲል ቆረጡትና በትንሿ መዶሻ ከላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር እስኪመሳሰል። ከዚያ ወለወሉት። ቦታው በመርፌ ጫፍ ተጫጭሮ ሸካራ ሆነ፣ ፀጉር ከመሰለው የወርቅ ክር ቅንጣት ተቆረጠ፣ በለዘበ ምት ብረቱ ውስጥ ገባ። ባዶ የነበረው ቦታ ላይ አንዲት ቅጠል ሆነች። በሐረጉ ንድፍ ውስጥ ቅጠል የሚኖርበት ቦታ አልነበረም፤ ንድፉን የሚያውቅ ሰው ያያታል። የሁለተኛው ሽጉጥ ቅጠል ከመጀመሪያው ትንሽ ዘንበል ብላ ወጣች፤ ቀና አላደረጓትም።

ሰዓቱ ሄዷል። ናንዱ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ዝምታ አይታ፣ ምሳዋን ይዛ ወደ ጣሪያው ወጥታለች። ሌህሪ ሱንደርባይ የለቀቁት ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ወደ ሥራ ክፍሉ ሰጥታ፣ አዲሱን ቅጽ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትሞላለች። ቫርዲቻንድ ሲጋራቸውን ለኩሰው የመጀመሪያውን ሽጉጥ አነሱ። ጭሱን በአፈሙዙ እፍ አሉት። መውጫ ያጣው ጭስ ተመልሶ ፊታቸው ላይ ተነፈሰባቸው፤ ሳሉ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ሁለተኛውንም አነሱት። እሱም ተመለሰ። ሌህሪ ሳሉን ቆጥራ፣ በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ መተኮስ የማይችል ጌጥ ከሚለው ሥር ፈረመች።

ብዕሯን ግን አልከደነችም። ከትናንቱ በፊት በአራት ዓመት ውስጥ የፈረመቻቸው ቅጾች መቶ ሰባት ናቸው፤ ቁጥሩ በመዝገቡ አለ። የሚያደርሱላት አማቷ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ያንኳኳሉ። ልጇን ብትጠራት ልጅቷ የምትሸከመው ቃል አይደለም። ፊት ለፊቷ ያለውን የግቢ ግድግዳ፣ ኖራው የተላጠበትን ቦታ እያየች ተናገረች።

«ከነዚህ በፊትስ?»

 ከበስተኋላዋ ሲጋራ ወለሉ ላይ ተተርኩሶ ጠፋ።

«ሦስት» አሉ ቫርዲቻንድ።

ድምፃቸው ወደ ግድግዳው አልሄደም፤ ወደ እሷ ጀርባ ነው የመጣው። ሌህሪ አልዞረችም፣ መከናነቢያዋንም አላነሳችም። መዝገቡን ገለጠች። ቫርዲቻንድ ማንበብ ስለማይችሉ የገዢዎቹን ስም አያውቁም፤ የሚያውቁት ሥራዎቹን ነው። አንደኛው ሰደፉ የበቀቀን ራስ ያለው ነበር አሉ። ገጽ አገላብጣ አገኘችው፤ ቤልጂየም፣ አንዲት የመጻሕፍት ጠራዥ ሴት። ሁለተኛው ቃታው ላይ ዓሣ የተቀረጸበት፤ ዝናብ ባልመጣበት ዓመት የወጣ። ኖርዌይ፣ የሙዚቃ መምህር። ሦስተኛውን ሲናገሩ ጥቂት ተደናቀፉ፤ ቤሩላል ሲሄድ የሸኙት ቀን የጨረሱት ነው፣ ሐረጉ ብር፣ ወርቅ የሌለው። እሱም እንግሊዝ አገር ነው፤ የዳቦ ቤት ባለቤት።

ደብዳቤውን ስትጽፍ ደንቡን እያሰበች ነው። መልሰው ይላኩልን ልትል ጀምራ ሰረዘችው፤ ቀዳዳ ያለው ሽጉጥ በፖስታ የላከ ገዢ ያን ጊዜ እሷ የሠራችውን ጥፋት ይሠራል። ስለዚህ እንዲህ አለች፤ ዕቃው በስህተት ቀዳዳ ተበስቶበታል፤ እባክዎ ባሩድ አያስገቡበት፣ ለማንም አሳልፈው አይስጡ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ሠራተኛ ወስደው ያስደፍኑት፣ ወጪውን ሱቁ ይከፍላል። የጻፈችውን ለራሷ ድምፅ እያወጣች አነበበች።

«‹በስህተት› የሚለውን አውጪው» አሉ ሽማግሌው።

አወጣችው።

«ቫርዲቻንድ የሚባለው ሠሪው ነው የበሳው በዪ። ፈራሚዋ አታውቅም ነበር በዪ።»

«እንዲህ ከተጻፈ ሊጠይቁዎት ይመጡ ይሆናል» አለች ለግድግዳው።

«የት እንዳለሁ ያውቃሉ። ሰሌዳ አለኝ።»

ሦስቱንም እንደዚያ ጻፈች። ደብዳቤው ላይ ለላኪው ፊርማ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከሥሩ ሌላ መስመር በማስመሪያ አሰመረች፣ ሦስቱንም ወረቀት ከሱቁ ማኅተም ሐምራዊ ቀለም ጋር ደፉን አሻግራ አስቀመጠች። ቫርዲቻንድ አውራ ጣታቸውን በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዘይቱና የብረት ብናኙ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተጫኑ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተንሸራተተ። ሌላ ወረቀት አምጪ አላሉም፤ ትቀይረው እንደሆነ ለማየት ጠበቁ። ሌህሪ ወረቀቶቹን ሰብስባ ቀለሙ እስኪደርቅ በመዝገቡ ላይ ዘረጋቻቸው።

ከኩሽና የዕቃው መንኳኳት ካቆመ ቆይቷል። የፈላ ዝንጅብል ሽታ መጣ።

«ሙሽሪት» አሉ ሱንደርባይ ከውስጥ ጮክ ብለው፣ «ለቤሩላል አባት ሻይ ደርሷል በያቸው።»

ሌህሪ ግድግዳውን አየች።

«ሻይ ደርሷል» አለች።

«ስኳር ያንሰዋል» አሉ ቫርዲቻንድ፣ «በያት።»